ቢአርዲኤም-2ን ከሬዚን መገጣጠም፦ በ1:35 መስፈርት ለተሠራ ሞዴል ዝርዝር መመሪያ

የሬዚን (በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ መሳይ ነገር) ሞዴል ዕጣው የሚወሰነው ሙጫ ከመከፈቱ በፊት ነው። የፕላስቲክ ሞዴል የለመደ ሰው ሳጥኑን ከፍቶ ወዲያው ማጣበቅ ይጀምራል። ሬዚን ግን በትንሽ በትንሹ በእጅ የሚቀዳ ስለሆነ እያንዳንዱ ቁራጭ ከቅርጽ ማውጫው የተረፈ ቅባት፣ ሬዚኑ የገባበት ወፍራም ጉቶ፣ የአየር አረፋ የተወው ቀዳዳና ትንሽም ብትሆን ጠማማነት ይዞ ይመጣል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሥራ ይህን ማጽዳትና ማቃናት ነው። እሱ በደንብ ከተሠራ ቀለሙ ቀላል ነው፤ ካልተሠራ ግን ምንም ቀለም አይሸፍነውም።

ለምሳሌ የወሰድነው ቢአርዲኤም-2 የተባለውን ሶቭየት ሠራሽ ቃኚ ብረት ለበስ ነው። ከ1970 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በኢትዮጵያ ሠራዊት ውስጥ ስላገለገለ ቅርጹ ለብዙ አንባቢ እንግዳ አይደለም። አራት ትልልቅ ጎማዎች አሉት፤ በሆዱ ሥር ደግሞ ቦይ ሲሻገር የሚወርዱ አራት ትንንሽ ጎማዎች ታጥፈው ይቀመጣሉ። ሞተሩ ከኋላ ነው። ቱሬቱ (በላዩ ያለው የሚዞር የመትረየስ ቤት) ላይ አንድ 14.5 እና አንድ 7.62 ሚሊሜትር መትረየስ ጎን ለጎን ተገጥመዋል።

መጀመሪያ ካሊፐር (ሚሊሜትርን በትክክል የሚለካ መሣሪያ) አንሱና ለኩ። እውነተኛው መኪና ርዝመቱ 5.75 ሜትር፣ ስፋቱ 2.35 ሜትር፣ ቁመቱ 2.31 ሜትር ነው። ለ35 ሲካፈል 164፣ 67 እና 66 ሚሊሜትር ይሆናል። በፊትና በኋላ አክሰል መካከል ያለው 3.1 ሜትር በሞዴሉ ወደ 88.6 ሚሊሜትር ይመጣል። ሬዚን ሲደርቅ ትንሽ ስለሚሸማቀቅ ቦዲው 163 ሚሊሜትር ቢሆን ችግር የለውም፤ ዓይን አይለየውም። የሚያስቸግረው የላይኛውና የታችኛው ቦዲ እኩል ሳይሸማቀቁ ሲቀሩ ነው። ሁለቱን አነባብራችሁ ልዩነቱ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ ትርፉን ከአንድ ጫፍ ብቻ አትሞርዱ። በፊትና በኋላ እኩል አካፍሉት፤ አለበለዚያ የጎማ መቀመጫዎቹ ከላይኛው ቦዲ ጋር ይዛነፋሉ።

ለማመሳከሪያ በመጻሕፍትና በኢንተርኔት የወጡ ፎቶዎችን ተጠቀሙ። ከተማ ውስጥ ወታደራዊ ተሽከርካሪ ወይም ካምፕ ፎቶ ማንሳት ችግር ያስከትላል፤ አትሞክሩት። ፎቶ ስትመርጡ ቢአርዲኤም-1ን ከ2 ጋር አታምታቱ። የመጀመሪያው ሞተሩ ከፊት ነው፣ ቱሬትም የለውም። የቱሬቱን ዝርዝር ለማየት ግን ተመሳሳይ ቱሬት ያለው ሌላው ሶቭየት ሠራሽ ብረት ለበስ፣ የቢቲአር-60ፒቢ ፎቶም ያገለግላል፤ ብዙ ጊዜ የተሻለ ጥራት ያለው ፎቶ የሚገኘው የእሱ ነው።

መሣሪያና ዕቃ

የሚያስፈልገው ሁሉ ማለት ይቻላል መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛል፤ የሚሸጠው ግን በሌላ ሙያ ስም ነው። ወርቅ ሠሪና ሰዓት ሠሪ የሚገለገሉበት ወረንጦ፣ ቀጫጭን ሞረድ፣ ፀጉር የሚያክል ምላጭ ያለው መጋዝና ከ0.5 እስከ 2 ሚሊሜትር የሆነ ፑንታ ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ያህል ይስማማሉ። ፒያሳ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ሱቅ ፈርሶ ቦታ ስለቀየረ የድሮ አድራሻ ይዞ ከመዞር ወርቅ ሠሪዎቹን ራሳቸውን መሣሪያ ከየት እንደሚገዙ መጠየቅ ይሻላል። የመኪና ቀለም ከሚሸጡ ቤቶች ቁጥር 240፣ 400፣ 600 እና 1000 የሆነ በውሃ የሚሠራ የብርጭቆ ወረቀት፣ ግራጫ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚነፋ መሠረት) በስፕሬይ ቆርቆሮ፣ ስቱኮና ቲነር ያዙ። ከሕክምና ዕቃ መደብር ደግሞ ጓንት፣ ኤን-95 ማስክ፣ ባለ 1 ሚሊሊትር ሲሪንጅና ያልተነኩ መርፌዎች፤ የመርፌው ጥቅም ቱሬቱ ላይ ስንደርስ ይታያል።

ከዚህ ውጭ አንድ ቀጥ ያለ ወፍራም መስታወት (30 በ30 ሴንቲሜትር ይበቃል)፣ ሱፐር ግሉ ቀጭንና ወፍራም፣ የ5 ደቂቃ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ሲቀላቀል የሚጠነክር ሙጫ)፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ላርጎ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ 1 ሚሊሜትር የመዳብ ወይም የነሐስ ሽቦ እና 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብስክሌት ቸርኬ ሽቦ ያስፈልጋል። የፕላስቲክ ሞዴል ሙጫ አትግዙ። ያ ሙጫ ፕላስቲኩን አቅልጦ የሚያዋህድ ነው፤ ፖሊዩሬቴን ሬዚንን ግን ስለማያቀልጥ ደርቆ ይላጣል።

እጥበት

ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አድርጉና ላርጎ ጨምሩበት፤ ቁራጮቹን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉ። ከዚያ በጥርስ ብሩሽ እያንዳንዱን ማዕዘን እሹ። ትንንሾቹን በሻይ ማጥለያ ውስጥ አድርጋችሁ እጠቡ፤ ከቧንቧ ሥር በእጅ ከታጠቡ አንዱ መጥፋቱ አይቀርም። አለቅልቃችሁ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አድርቁ። ከደረቁ በኋላም ሲነኩ ወዛማ የሚመስሉ ከሆነ ድገሙት።

ይህን የዘለለ ሰው የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ፕራይመሩ እንደ ጠብታ ይሰበሰባል፣ ወይም ቀለሙ ሁሉ አልቆ ፕላስተር ሲነሳ አብሮ ይላጣል።

ጉቶ መቁረጥ

የሬዚን ብናኝ ለሳንባ አደገኛ ነው። ስለዚህ መጋዙም ብርጭቆ ወረቀቱም ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን፤ ማስክም ይደረግ። ጠረጴዛውን አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ውልውሉት። በዚያው ጠረጴዛ ላይ ምግብም ቡናም አይቅረብ።

ጉቶውን በፒንሳ መቁረጥ አይሞከርም። ሬዚን ተሰባሪ ስለሆነ ስንጥቁ ወደ ቁራጩ ይዘልቃል። ከቁራጩ 1 ሚሊሜትር ራቅ ብላችሁ በመጋዝ ቁረጡ፤ የቀረውን በመስታወት ላይ በተነጠፈ ቁጥር 240 ወረቀት እያሻችሁ አውርዱ። የሚሞረደውን ፊት በእርሳስ አጥቁሩት፤ እርሳሱ ከአንድ ወገን ብቻ ከጠፋ እጃችሁ ወደዚያ እየተጫነ ነው። ቁራጩን አዙራችሁ በሌላ በኩል ያዙት። ጥቁሩ በሙሉ ሲጠፋ ወደ 400 እለፉ።

የታችኛው ቦዲ ላይ ጉቶው ሰፊ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ መቸኮል ትልቅ ጉዳት አለው። ወለሉ ከሳሳ ቦዲው በኋላ ክብደት ሲያርፍበት ይጎብጣል። በየ10 ደቂቃው በካሊፐር አራቱንም ማዕዘን ለኩ፣ የቁመት ልዩነታቸው ከ0.3 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ።

ጎማዎቹ ለየት ይላሉ። ብዙ ጊዜ ጉቶው ያለው ጎማው መሬት በሚነካበት በኩል ነው፤ ጎማው ክብደት ተሸክሞ እንዲመስል እዚያ ጋ ትንሽ ጠፍጠፍ፣ ጎኑም ነፋ ብሎ ተቀርጿል። ክብ ለማድረግ አትድከሙ። ጉቶውን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡና የጠፍጣፋውን ቦታ በጎማው ውስጠኛ ጎን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ ሲገጠም ወደ ታች መዞር ያለበት እሱ ነው። የተቆረጡትን ጉቶዎች አትጣሉ፤ ሙጫ፣ ስቱኮና ቀለም መጀመሪያ የሚሞከረው በእነሱ ላይ ነው።

ማቃናት

ሬዚን በሙቅ ውሃ ይለሰልሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ቢሆን ለቀጫጭን ቁራጮች ይበዛል። ውሃው ከፈላ በኋላ አውርዳችሁ 5 ደቂቃ ያህል ይቀመጥ። መትረየስና ዘንግ መሳይ ነገር ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ ቦዲ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይበቃዋል። በወረንጦ አውጡ፣ በመስታወቱ ላይ ተጭናችሁ ያዙት፣ ሳትለቁት ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት። ሞቅ እንዳለ ከለቀቃችሁት ተመልሶ ይጠማል።

የቦዲው ጎን ወደ ውስጥ ከተጣመመ የሚፈለገውን ስፋት ያህል የተቆረጠ እንጨት በውስጡ ወጥራችሁ አሙቁት። በእሳት ወይም በፀጉር ማድረቂያ አታሙቁ። ሙቀቱ እኩል ስለማይዳረስ አንዱ ቦታ ሳይለሰልስ ሌላው ከመጠን በላይ ይለሰልሳል።

የአረፋ ቀዳዳዎች

በመብራት ሥር እያገላበጣችሁ ጠርዞቹን በመርፌ ጫፍ ጫን ጫን አድርጉ። አንዳንዱ አረፋ በቀጭን ቆዳ ስለተሸፈነ አይታይም፤ አሁን ካልተበሳ ቀለም ከተቀባ በኋላ ይበሳል። ከ1 ሚሊሜትር በታች የሆነውን በቀጭን ሱፐር ግሉ ሙሉና ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱበት፤ ወዲያው ይጠነክራል። እዚህ ላይ ቸልታ አይሠራም፦ ይህ ድብልቅ እየቆየ ከሬዚኑ ይበልጥ ይጠነክራል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ ብርጭቆ ወረቀቱ ዙሪያውን ያለውን ሬዚን በልቶ ሙሌቱን ጉብ አድርጎ ይተወዋል። ትልልቁን በስቱኮ ሙሉ፤ የተሰበረ ማዕዘን ከሆነ ከጉቶው ትንሽ ስንጣሪ አጣብቃችሁ ሞርዱት።

ሱፐር ግሉ የሚደርቀው ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ይዘገያል፤ አጠገቡ ክፍት ስኒ ሙቅ ውሃ ማስቀመጥ ይረዳል። በሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ጡጦው ውስጥ ሳለ ይደርቃል። ጥብቅ ክዳን ባለው ብልቃጥ ውስጥ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አኑሩት፤ ስታወጡት ግን የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ሳትከፍቱ ጠብቁ። ቀዝቅዞ ከተከፈተ ውስጡ ላብ ይይዛል። በጥጥ ጨርቅም አትጥረጉት፤ ሱፐር ግሉና ጥጥ ሲገናኙ የሚያቃጥል ሙቀትና ዓይን የሚያስለቅስ ጭስ ይወጣል።

ሻንሲና ጎማ

የዚህ ሞዴል ከባዱ ክፍል ይኸው ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ አውሉ። የሬዚን ቦዲ ከባድ ነው። የሬዚን አክሰል ደግሞ ክብደት ተሸክሞ ወራት ሲቆይ፣ በተለይ ሙቀት ባለበት ክፍል፣ ቀስ እያለ ይጎብጣል፤ ጎማዎቹም ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ። ስለዚህ አክሰሉን በብረት ለውጡት። የዲፈረንሻሉን ኳስ ብቻ አስቀሩና ቧንቧዎቹን ቁረጡ። በኳሱ መሀል በመጀመሪያ 1፣ ከዚያ 1.5፣ በመጨረሻ 2 ሚሊሜትር ፑንታ በእጅ እያዞራችሁ ብሱ። በአንድ ጊዜ በ2 ሚሊሜትር ከተበሳ ይሰነጠቃል። የብስክሌቱን ሽቦ አሳልፉና ከሁለቱም ወገን እኩል እንዲወጣ አድርጉ።

ባሌስትራዎቹን በቦዲው ሥር በሱፐር ግሉ አጣብቁ፤ አራቱም ከመስታወቱ እኩል ከፍታ ላይ መሆናቸውን ለኩ። የፊቱን አክሰል በኢፖክሲ አጣብቃችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ተዉት። ሱፐር ግሉ ለዚህ አይሆንም፤ ለመጎተት ቢጠነክርም ሞዴሉ ጠረጴዛ ላይ ቆም ሲደረግ በሚፈጠረው ግጭት ይሰበራል። ከዚያ አራቱንም ጎማ ሳታጣብቁ በሽቦው ላይ ሰክታችሁ፣ ለኋላ አክሰል ኢፖክሲ ቀብታችሁ፣ መኪናውን በመስታወቱ ላይ አቁሙት፤ ከላዩም አንድ መጽሐፍ ጫኑበት። ኢፖክሲው የሚጠነክረው አራቱ ጎማዎች መሬት እንደያዙ ነው።

ሲደርቅ በየጎማው ሥር ተራ የማተሚያ ወረቀት ለማስገባት ሞክሩ። ወረቀቱ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከአንዱ ጎማ ሥር ብቻ በነፃነት ካለፈ ያ ጎማ ተንጠልጥሏል። አንድ ወረቀት ከሆነ የጎማውን ቀዳዳ ትንሽ አስፍታችሁ ስታጣብቁ ወደ ታች መግፋት ይበቃል። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የኋላውን አክሰል ነቅላችሁ እንደገና ሥሩ፤ በቀለምና በአቧራ የሚደበቅ ስህተት አይደለም።

የሆዱ ትንንሽ ጎማዎች የሚገጠሙት ከዚህ በኋላ ነው። ታጥፈው ስለሚቀመጡ መሬት መንካት የለባቸውም። ከነኩ የመቀመጫቸውን ጉቶ ሞርዱ። ቀድሞ ያጣበቃቸው ሰው ትልልቆቹ ጎማዎች በአየር ላይ ተንሳፈፈው ያገኛቸዋል።

ሞዴሉን በጣውላ ላይ ለማሰር ካሰባችሁ አሁኑኑ ከውስጥ ወለሉ ላይ ባለ 3 ሚሊሜትር ዳዶ በኢፖክሲ አጣብቁ። የላይኛው ቦዲ ከተዘጋ በኋላ ዕድሉ የለም።

የላይኛው ቦዲና ቱሬት

ሁለቱን ቦዲ በፕላስተር አስራችሁ ውስጡ የስልክ መብራት አብሩ፤ ብርሃን የሚወጣበት ቦታ ሁሉ ገና አልገጠመም ማለት ነው። ከተስተካከለ በኋላ በአራቱ ማዕዘን 1 ሚሊሜትር ስፋት፣ 4 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ቀዳዳ ብሳችሁ የመዳብ ሽቦ ስኩ። የማረሚያ ጊዜ ስለሚሰጥ እዚህም ኢፖክሲ ይመረጣል። ክፍተቱን በስቱኮ ሙሉ፤ በእውነተኛው መኪና ላይ የብየዳ መስመር ያለበትን ቦታ ግን ለጥ አታድርጉት።

ከሾፌሩና ከአዛዡ በላይ ያሉትን ሁለት ክዳኖች ዝጉ። ብዙ የሬዚን ሞዴል ውስጡ ባዶ ነው፤ ክፍት ክዳን ባዶነቱን ብቻ ያሳያል። ቱሬቱ ላይ ደግሞ ክዳን አትጨምሩ፤ እውነተኛውም የለውም። የፊት መስኮቶቹን መስታወት ከግልጽ የፕላስቲክ ማሸጊያ ቁረጡና በነጭ የእንጨት ኮላ አጣብቁ። የሱፐር ግሉ ትነት ግልጽ ፕላስቲክን ያደበዝዛል። መስታወቶቹ ከቀለም በኋላ ቢገቡ ይሻላል።

መትረየሶቹ ብዙ ጊዜ ተጣመው ወይም ተሰብረው ነው የሚመጡት። የ14.5 ሚሊሜትሩ አፈሙዝ በ1:35 መስፈርት 0.41 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ጥቁር አንገት ያለው 22 ቁጥር መርፌም የውስጥ ስፋቱ ልክ ይኼው ነው። የሬዚኑን መትረየስ ጫፍ ቆርጣችሁ ከመርፌው የተወሰደ ቧንቧ አስገቡበት። ለ7.62ቱ ብርቱካናማ አንገት ያለው 25 ቁጥር መርፌ ይስማማል። መርፌን በፒንሳ ከቆረጣችሁት አፉ ይጨፈለቃል፤ በሞረድ ዙሪያውን አስምራችሁ ስበሩት፣ ስለታሙን ጫፍ ወዲያው በጠርሙስ ውስጥ አስወግዱ።

ከቀጭን የነሐስ ሉህ የሚቆረጡ የመብራት መከላከያዎችና መያዣዎች ካሉ በሸክላ ንጣፍ ላይ ቁረጡ፤ በሁለት ምላጭ መካከል እጠፉ፤ ሱፐር ግሉውን በመርፌ ጫፍ ብቻ አድርሱ።

ፕራይመርና ቀለም

ፕራይመሩን መጀመሪያ በጉቶ ላይ ሞክሩ። ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ርቀት፣ በየ15 ደቂቃው፣ ሦስት ስስ ዙር ንፉ። ዝናብ እየዘነበ አትንፉ፤ በተለይ ደብዛዛ ቫርኒሽ እርጥበት ከያዘው ነጭ ሆኖ ይቀራል። በክረምት ረፋዱ ላይ፣ ፀሐይ ስትወጣ የሚገኘው ጊዜ ይሻላል። ግራጫው ሲደርቅ ያልታዩ ቀዳዳዎች ሁሉ ይወጣሉ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ሙሉ፣ ሞርዱ፣ ቦታውን ብቻ እንደገና ንፉ፣ አንድ ቀን አሳድሩት።

ለኤርብራሽ (ቀለም በአየር ግፊት የሚነፋ ትንሽ መርጫ) አክሪሊክ ቀለም ከቲነሩ ጋር እኩል ለእኩል ይቀላቀል፤ በብልቃጡ ግድግዳ ላይ እንደ ወተት መውረድ አለበት። ግፊቱ ከ1 እስከ 1.4 ባር። በከተማችን ደረቅ አየር ቀለሙ አፍንጫው ላይ ቶሎ ስለሚደርቅ በየጥቂት ደቂቃው በእርጥብ ብሩሽ ጥረጉት፤ አየሩም ስስ ስለሆነ ኮምፕሬሰሩ ለመሙላት ይዘገያል። መብራት ከጠፋ ጎሚስታ ጋ የተሞላ አሮጌ የመኪና ጎማ ከነቸርኬው፣ ግፊት መቀነሻ ከተገጠመለት፣ አንድ ዙር ቀለም ለመንፋት የሚበቃ አየር ይይዛል።

መሠረቱ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ሞዴል ላይ ግን ቀለሙ እንዳለ ከተቀባ ይጠቁራል፤ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆን ፈካ ያለ ቀለም ጨምሩበት። ከዚያ ሌላ ትንሽ አፍክታችሁ ወደ ላይ በሚያዩት ፊቶች መሀል ብቻ ንፉ። የደጋ ፀሐይ ቀለም የሚያነጣው ከላይ ነው፤ ጎንና ሥር ጥቁር ይቆያል። ጽሑፍና ቁጥር የሚለጠፍበትን ቦታ አስቀድማችሁ በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ አልብሱ፤ ካልሆነ በዲካሉ (በሚለጠፈው ጽሑፍ) ሥር አየር ገብቶ ያበራል።

አቧራና እድፍ

በቫርኒሹ ላይ ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም በጣም አቅጥናችሁ በክዳኖችና በመገጣጠሚያዎች ዙሪያ ብቻ አስኪዱ፤ መላውን መኪና ካጠባችሁበት የቆሸሸ እንጂ ያገለገለ አይመስልም። በኋላ በሁለቱም ጎን ያሉት ማርሚታዎች ዝገትና ጥቀርሻ ይፈልጋሉ። ሰው የሚወጣበትና የሚወርድበት ጠርዝ ላይ በስፖንጅ ጫፍ ጥቂት ግጭት ነካ ነካ አድርጉ።

አቧራው መኪናው የቆመበትን አገር ይናገራል፤ ለኦጋዴን ወደ ቀይ የሚያደላ ፈዛዛ ቢጫ፣ ለደጋ መንገድ በጎማው ጥርስ መካከል የጠጠረ መረሬ። እውነተኛ አፈር ከወሰዳችሁ በምጣድ አመሱት፣ ከዚያ በናይሎን ስቶኪንግ ሁለት ጊዜ ንፉት። ሳይነፋ የቀረ የአሸዋ ቅንጣት በ1:35 መስፈርት ድንጋይ ነው። የተፈጨ የሥዕል ፓስቴል ከዚህ ይለሰልሳል፤ ለአቧራ እሱን፣ ለጭቃ አፈሩን ተጠቀሙ።

አንቴናው መጨረሻ ይገጠም፤ 0.25 ሚሊሜትር የሆነው የጊታር ቀጭኑ ክር ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቢነካም ይመለሳል። ያለቀውን ሞዴል ፀሐይ በሚመታው መስኮት ወይም በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ሬዚን በዚያ ሙቀት መለስለስ ይጀምራል፣ ቀድመው የሚጎብጡትም ቀጫጭኖቹ ቁራጮች ናቸው።